ነጋሪት ጋዜጣን በኪንድል፦ ከዕቃው ይልቅ ፋይሉ ነው ሥራው

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ልያዝልህ?» ካላችሁ፣ ዘንድሮ ጫማውን ትታችሁ ኪንድል፣ ማለትም የአማዞንን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ጠይቁ። እኔ ጠበቃ ነኝ። ይህንን የምጽፈው በዋናነት ቀኑን ሙሉ አዋጅና የሰበር ውሳኔ ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ዓይኑ ለሚቃጠልበት ሰው ነው። ልብ ወለድ ብቻ የምታነቡም ብትሆኑ አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

ስለ ዕቃው ብዙ አላወራም። ስክሪኑ ኢ-ኢንክ ይባላል። እንደ ስልክ ከጀርባ ብርሃን አይረጭም፤ ገጹን የሚሠሩት ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ የቀለም ቅንጣቶች ናቸው። መብራቱ ከጠርዝ ተነስቶ ገጹ ላይ ያርፋል። ገጹ አንዴ ከተሣለ በኋላ እንዲታይ ብቻ ባትሪ አይፈጅም። መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ዋይፋዩን ዘግታችሁ ከያዛችሁት ቻርጁ ሳምንታት ይቆያል። ልደታ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ መዝገብ እስኪጠራ ለሚጠብቅ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ከመሣሪያው ላይ ማውጣቱን እዚያው እያያችሁ አረጋግጡ። ሳታረጋግጡ ብር እንዳትከፍሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ነጋሪት ጋዜጣ ሁለት ዓምድ ነው፤ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ። ፒዲኤፉን እንዳለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ስትከፍቱት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ብዙ ሰው «ኪንድል ለአማርኛ አይሆንም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያውን አግድም ማዞር ትንሽ ይረዳል፣ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ስትሉ ትሰለቻላችሁ።

የሚሻለው ገጹን መቁረጥ ነው። ብሪስ የሚባል ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ስትሰጡት ገጾቹን ሁሉ በላይ በላይ አነባብሮ፣ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ለይቶ ያሳያችኋል። የአማርኛው ዓምድ ላይ አራት ማዕዘን ትስላላችሁ፤ በቃ፣ አዲስ ፒዲኤፍ ይወጣላችኋል። ቀጭኑ ዓምድ ከትንሿ ስክሪን ጋር ልክ ልክ ነው፣ ማጉላትም ማንቀሳቀስም አያስፈልግም። እንግሊዝኛውንም ከፈለጋችሁ ሁለተኛ አራት ማዕዘን ሳሉ፤ ተከታይ ገጽ ሆኖ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ልዩነት ሲኖር የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ነው። ቢሆንም እኔ አሻሚ አንቀጽ ሲገጥመኝ እንግሊዝኛውን ሳላይ አላልፍም። ስለዚህ ያልተቆረጠውን ዋናውን ፋይል አትሰርዙ።

ፋይላችሁ ምን ዓይነት እንደሆነም ቀድማችሁ እወቁ። ላፕቶፕ ላይ ክፈቱና አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። ካልተመረጠ ስካን ነው፤ ማለትም ፎቶ ነው። ከተመረጠ ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ ወርድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት) ነው፣ ገላገላችሁ። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ግን በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየበ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት በድሮው ሲተይብ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ፋይል ሲነበብ ምንም አይልም። ሰርች ግን አይሠራበትም፣ ወደ ኢፐብ (ጽሑፉ በስክሪኑ ስፋት ልክ ወደሚደረደርበት የመጽሐፍ ፋይል) ስትቀይሩትም ዝባዝንኬ ይሆናል። እሱን ቆርጣችሁ በፒዲኤፍነቱ ተዉት። ስካኑን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ለፍለጋ ጥሩ ነው። ከእሱ ላይ አንቀጽ ቁጥር ገልብጦ አቤቱታ ላይ መጻፍ ግን አይሞከርም።

የራሳችሁን የወርድ ጽሑፍና ኢፐብ መጽሐፍ መላክ ቀላል ነው፤ ፋይልን በኢንተርኔት ወደ መሣሪያው በሚልከው የአማዞን አገልግሎት፣ በሴንድ ቱ ኪንድል ይሄዳል። አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ወይም ቅርጹ ካልጣማችሁ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ፎንትን አውርዱ፤ ሁለቱም በነጻ ናቸው። በኬብል አገናኝታችሁ ኪንድሉ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ጣሉት። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፊደል ሴቲንጉ ምረጡት። እዚያው እያላችሁ አሰላለፉን ወደ ግራ አድርጉት። «እንዳልተመለከተላቸው» ዓይነት ረጅም ቃል መስመር መጨረሻ ላይ አይቆረጥም፤ ሁለቱም ጠርዝ እኩል ይሁን ከተባለ በቃላቱ መሀል መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል።

ፋይል ሲበዛ ደግሞ ስያሜ ነው የሚያድነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው አዋጅ ስሙ «ስካን» እና «የመጨረሻ የመጨረሻ» ነው። እኔ የአዋጁን ቁጥር አስቀድማለሁ፣ ሁሌም በአራት አሃዝ፦ «1156-2011 አሠሪና ሠራተኛ»፣ «1234-2013 ፌዴራል ፍርድ ቤቶች»፣ «1243-2013 ንግድ ሕግ»። አሮጌውን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ «0377-1996 የተሻረ» ብዬዋለሁ። ዜሮዋ ከሌለች 377 ከ1156 በኋላ ይሰለፋል። የተሻረውን አትጣሉት፤ በድሮው ሕግ የተወሰነ የሰበር ውሳኔ ስታነቡ ትፈልጉታላችሁ። አንድ ቃልም በአንድ ፊደል ብቻ ይጻፍ። ሰርች «ሠራተኛ»ን እና «ሰራተኛ»ን የሚያየው እንደ ሁለት የተለያየ ቃል ነው።

ለዚህ ሁሉ ካሊበር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማደራጃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ነጻ ነው፣ ርዕስና ደራሲም እዚያው ይስተካከላል። ግን አንድ ጣጣ አለው። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ደራሲውን በአባቱ ስም ይደረድረዋል። መጽሐፍ ከማስገባታችሁ በፊት ፕሪፈረንስ ውስጥ ትዊክስ የሚለውን ክፈቱና የደራሲ አደራደሩን «ኮፒ» አድርጉት። ከዚያ በኋላ ሰው በራሱ ስም ይጠራል።

የደንበኛ ሰነድ በሴንድ ቱ ኪንድል አይላክም። በዚያ የሄደ ነገር የአማዞን ሰርቨር ላይ ያርፋል፤ የደንበኛ ምስጢር ደግሞ በእኛ እጅ ያለ አደራ ነው። በኬብል ብቻ ጫኑት፣ መዝገቡ ሲዘጋም አጥፉት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም የይለፍ ኮድ አብጁ። ኮዱን ብትረሱ ያላችሁ አማራጭ መሣሪያውን እንደ አዲስ ማስነሳት ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላ አንድ ደግሞ ፍላሽ ላይ ይኑር።