ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስንልክ ብር የሚያስበሉን ስህተቶች

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ወደ ቤተሰብ ገንዘብ ሳይልክ የሚያልፈው ወር ጥቂት ነው። ለወላጅ አስቤዛ፣ ለእህት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለታመመ ዘመድ መድኃኒት። ገንዘቡ ደግሞ በሌሊት ፈረቃና በድርብ ሥራ የተገኘ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የምትቀር እያንዳንዷ ዶላር ታንገበግበኛለች። የዓለም ባንክ የሐዋላን ዋጋ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። ገንዘብ ለመላክ ከሁሉም የሚወደደው ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ እንደሆነ ደጋግሞ አሳይቷል። ከዚህ ወጪ የተወሰነውን ግን እኛው ራሳችን መቀነስ እንችላለን።

“ክፍያ የለውም” በሚል ማስታወቂያ መርካት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ገንዘብ አስተላላፊዎች የሚያተርፉት በሁለት በኩል ነው። አንዱ በግልጽ የሚታየው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሌላው ምንዛሬው ውስጥ ተደብቋል።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። 200 ዶላር አላችሁ እንበል። አንዱ አፕ ምንም ሳያስከፍል ዶላሩን በ140 ብር ይመነዝራል። ሌላው 3 ዶላር ይቆርጥና ቀሪውን በ146 ብር ይመነዝራል። በመጀመሪያው እናታችሁ 28,000 ብር ይደርሳቸዋል። በሁለተኛው 197 ዶላሩ ተመንዝሮ 28,762 ብር ይሆናል። “ያስከፍላል” ብለን የሸሸነው 762 ብር በለጠ ማለት ነው። ይህ በየወሩ ሲደጋገም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ከኪሴ ይህን ያህል ሲወጣ እዚያ ስንት ብር ይገባል? አሜሪካ ውስጥ ላኪው ድርጅት ገንዘባችሁን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሬውንና ተቀባዩ የሚያገኘውን መጠን እንዲያሳያችሁ ሕግ ያስገድደዋል። ሁለት ሦስት አፕ ከፍታችሁ እስከ መክፈያው ገጽ ሂዱ፣ የብሩን ቁጥር አስተያዩ። ደቂቃዎች ብቻ ናቸው የሚወስደው።

በለመዱት መንገድ ብቻ መላክ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬውን ለገበያ ለቆታል። ከዚያ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ። ያም ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ይለዋወጣልም። ባለፈው ወር ጥሩ የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ አፖች ደግሞ የሚያማልል ምንዛሬ የሚሰጡት ለመጀመሪያው መላኪያ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዋጋው ሲወርድ ብዙ ሰው ልብ አይልም።

በጥሬ ገንዘብ ወይም በክሬዲት ካርድ መክፈል

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ለሚላክ ገንዘብ 1 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይከፈላል። 500 ዶላር ብትልኩ 5 ዶላር መሆኑ ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚሁ በወጣ ዴቢት ካርድ ከተከፈለ ግን ታክሱ የለም። አሁንም ካሽ ይዘው ሱቅ ድረስ የሚሄዱ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። እባካችሁ ስልካቸው ላይ አፕ ጫኑላቸው፣ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንዴ አሳዩአቸው።

በክሬዲት ካርድ ስትልኩ ደግሞ ብዙ ባንኮች እንደ ብድር ይቆጥሩታል። ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል።

የተቀባዩን ስም በግምት መጻፍ

ይህኛው ሰው ያንገላታል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ቅጹ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባት ስም ያስገባል፣ ሌላው የአያት። “ገብረ ማርያም” መታወቂያው ላይ ተያይዞ ይጻፋል፣ እኛ ለያይተን እንልከዋለን። “ፀሐይ” በላቲን ፊደል በሦስት በአራት መንገድ ይጻፋል። ከገጠር ተነስተው፣ የትራንስፖርት ከፍለው ከተማ የገቡ አባት “ስሙ አይገናኝም” ተብለው ይመለሳሉ። በሌላው ቀን ደግሞ “ሲስተም የለም” ይባላሉ።

ከመላካችሁ በፊት በመታወቂያው ላይ በላቲን የተጻፈውን ስም ፎቶ አስልኩ። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ያላቸው በሁለቱም ፊደል ተጽፎላቸዋል። ወደ ባንክ ሒሳብ ከሆነ ደግሞ የባንክ ደብተሩ ላይ ባለው ስም ይሁን። እኔን ብትጠይቁኝ ለአረጋውያን ወደ ሒሳባቸው ወይም ወደ ቴሌብር መላክ ይሻላል፤ የወረፋው እንግልት ይቀራል።

የሚስጥር ቁጥሩን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ

ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ሁሉም በሚያየው ግሩፕ የሚለጥፉ አሉ። ገንዘቡ የሚወሰድበትን ቁጥር ለተቀባዩ ብቻ፣ ቢቻል ደውላችሁ ንገሩ። “ከድርጅቱ ነው የምደውለው፣ ቁጥሩን ንገሪኝ” የሚል ሰው ሌባ ነው።

በጥቁር ገበያ መላክ

ለምን እንደተለመደ ይገባኛል። ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ባንክ በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ውጭ ያለው ዋጋ እጥፍ ደርሶ ነበር። ለድሃ ቤተሰብ ያ ልዩነት ብዙ ነው። አሁን ግን ልዩነቱ እንደዚያ እጥፍ አይደለም፣ አደጋው ግን ያው ነው። ደረሰኝ የለም። ሰውየው ስልኩን ቢያጠፋ የምትከሱበት ማስረጃ የላችሁም። ብሩም ከማታውቁት ሰው ሒሳብ ወደ እህታችሁ ሒሳብ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ በዚህ ሥራ የጠረጠራቸውን ሒሳቦች ያሳገደበት ጊዜ አለ። ገንዘቡን የተቀበለችው እህታችሁ መልስ ስጪ እንድትባል አትፈልጉም።

ለበዓል ዋዜማ ማቆየት

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይልካል። ባንክ ቤቱ ይጨናነቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ በጉም ያለ ገንዘብ አይገዛም። ከሳምንት በፊት ላኩ።

ደረሰኙን መጣል

ከአሜሪካ ስትልኩ፣ ገንዘቡ ካልተወሰደ ወይም ሒሳብ ካልገባ፣ ከከፈላችሁ በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ሰርዛችሁ ሙሉውን ማስመለስ ትችላላችሁ። ስህተት ተፈጥሮ ብሩ ከጎደለ ወይም ካልደረሰ ደግሞ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን የአቤቱታ ጊዜ አላችሁ። አቤት ስትሉ ድርጅቱ የሚጠይቃችሁ የመላኪያ ቁጥር እዚያው ደረሰኝ ላይ ነው፤ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡት።