«ጥናት ተሠርቶበታል» ሲሏችሁ፦ ለአይቢኤስ የሚሰጡ የቻይና ዕፆችን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ቁርጠት፣ መነፋትና ተቅማጥ እየተመላለሰባችሁ ሐኪም «አይቢኤስ ነው» (አንጀት በቀላሉ የሚረበሽበት፣ የሚመላለስ ሕመም) ካላችሁ፣ አንዱ ወዳጅ ቶንግ ሺዬ ያኦ ፋንግ የሚባለውን የቻይና መድኃኒት ሞክሩ ማለቱ አይቀርም። ያለበት አራት ነገር ነው፦ ባይጁና ፋንግፌንግ የሚባሉ ሥሮች፣ የነጭ ፒዮኒ ሥርና የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ። እንዲህ ላሉት ቅመሞች «ጥናት ተሠርቶባቸዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ተሠርቷል። ግን ምን ዓይነት ጥናት?

መጀመሪያ፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ጠይቁ። ይቺን በፍጹም እንዳታልፏት። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያ በተሠራ ጥናት 116 የአይቢኤስ ታማሚዎች ለ16 ሳምንት እንክብል ዋጡ፤ ከፊሎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የዕፅ ድብልቅ፣ ከፊሎቹ ለየራሳቸው የተቀመመ፣ የቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ፣ ማን የቱን እንደሚወስድ ታማሚውም መርማሪው ሐኪምም ሳያውቅ። በመጨረሻ አንድ ዓይነቱን ከወሰዱት 76 በመቶ፣ ለየራሳቸው ከተቀመመላቸው 64 በመቶ ተሽሎናል አሉ። ደስ ይላል። ግን ማስመሰያውን ከዋጡትም 33 በመቶው ተሽሎናል ብለዋል! ምንም ሳይኖርበት ማለት ነው። ስለዚህ «እኔ ወስጄ ተሻለኝ» የሚላችሁ ሰው ባይዋሽም፣ ያሻለው ዕፁ ስለመሆኑ በዚህ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ፣ ሌሎች ሲሞክሩት ምን እንደተገኘ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተቅማጥ የሚበዛባቸው 119 ታማሚዎች 11 ዕፅ ያለበት ቅይጥ ወይም ማስመሰያ ለ8 ሳምንት ወሰዱ። ልዩነት አልታየም። ቅመሙ ከአውስትራሊያው የተለየ ስለነበር አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ የአንዱን ውጤት ለሌላው መለጠፍ ግን አይሆንም።

በጥናት ብዛትም አትደንግጡ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በዚያው ዓመት ለአይቢኤስ በሚሰጡ ዕፆች ላይ የተሠሩ 75 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ጥራታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ያገኘው ሦስቱን ብቻ ነው። እኔ ብሆን ሰባ ምናምኑን ትቼ ሦስቱን ነው የማነበው።

ሌላው፣ ውስጡ ያለውን በስም ዝርዝር ጠይቁ፤ ካልነገሯችሁ ይቅርባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ በማቅጠኛ እንክብል ላይ አንድ የቻይና ዕፅ ስሙ በሚመሳሰል ሌላ ተተክቶ፣ በተተካው ዕፅ ውስጥ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ የብዙ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል። የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለም ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ።

ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ግን ዕፁን ተዉትና ተመርመሩ። ይሄ አይቢኤስ ላይሆን ይችላል።