ያለ ዶሮ ወጥ የእሑድ እንግዳን ማስተናገድ

ለእሑድ ምሳ እንግዳ የጠራ ሰው ዶሮ ወጥ ካልሠራ ያላከበረ ይመስለዋል፤ ሆኖም ዶሮውን ገነጣጥሎ ደጋግሞ ማጠቡና ሽንኩርቱን ለሰዓታት ማቁላላቱ ቅዳሜን እንዳለ ይወስዳል። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ቀላሉ አማራጭ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ነው።

ጠዋት አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ወርዶ ቆሮሶ (ቲላፒያ) መግዛት፣ ቅርፊቱንም እዚያው ማስፋቅ ይበጃል። ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ሊሆን ይገባል። አምባዛ ሥጋው ብዙ ቢሆንም፣ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት አሉና አስቀድሞ እንግዶቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለጥብስ የዓሣውን ጎንና ጎን በቢላዋ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ በጨው፣ በተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሽቶ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ማድረቅ ያሻል፤ እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያንጣጣል፣ ከመጥበሻውም ይጣበቃል። ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ከትቶ፣ የታችኛው ጎን ቡናማ ሆኖ ራሱ እስኪላቀቅ ድረስ አለመነካካት ነው፤ ቶሎ የሚገለበጥ ዓሣ ይፈራርሳል። እንግዶች ከደረሱ በኋላ ቢጠበስ ይመረጣል፤ የቀዘቀዘ የዓሣ ጥብስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለእንግዳ አይቀርብም።

ማባያው ዳጣ ነው፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ በጨው ይፈጫል፤ ቅዳሜ ማታ ሊዘጋጅ ይችላል።

እሾህ ለሚያስቸግራቸው ልጆችና አረጋውያን ከአጥንቱ የተለየውን ሥጋ አድቅቆ ከትፎ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥቂት ቅቤ ዱለት መሥራት ይቻላል፤ ሚጥሚጣው ለብቻው ይቅረብ።