የቻይና ማርሻል አርት ስሞችን ከጅራታቸው ያዟቸው

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ገብተን ያየነው ሁሉ «ካራቴ» ነበር። ቻይናዊው ጣሪያ ለጣሪያ ይዝለል፣ ሰክሮ እየተንገዳገደ ይማታ፣ ለእኛ ያው ካራቴ ነው። ካራቴ ግን ከኦኪናዋ የመጣ የጃፓን ነው። ደግሞ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳትንም፤ ስሙ ድሮ «የቻይና እጅ» ተብሎ ይጻፍ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው ድምፁን ሳይነኩ ፊደሉን ቀይረው «ባዶ እጅ» ያደረጉት።

መጀመሪያ ኩንግ ፉን ከድብድብ ነጥላችሁ እዩት። ቃሉ በጊዜና በልፋት የተገኘ ችሎታ ማለት ነው። እኛ «ሙያ» የምንለው ዓይነት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሳታሳርር ቁጭ ብላ የምታቁላላ ባለሙያ እናት ኩንግ ፉ አላት ብትሉ አልተሳሳታችሁም። እየቀለድኩ አይደለም፤ ደቡብ ምሥራቅ ቻይና ውስጥ ፉጂያንና ቻውጆ አካባቢ «የኩንግ ፉ ሻይ» የሚባል አለ፦ ትንሽዬ ማንቆርቆሪያ በቅጠል ጠቅጠቅ ይደረጋል፣ ፍል ውሃ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ከሲኒም ባነሱ ኩባያዎች ይቀዳል። ማንም ማንንም አይረግጥም።

ለድብድቡ ጥበብ ትክክለኛው የጅምላ ስም ውሹ ነው። «ው» የጦር፣ የውጊያ፤ «ሹ» ደግሞ ጥበብ። ችግሩ ዛሬ ውሹ ሲባል ብዙ ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ወዲህ የቻይና መንግሥት ደንብ አውጥቶለት ያደራጀው ስፖርት ማለት ነው። እሱም ለሁለት ይከፈላል፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ብር እንዳትከፍሉ። ታኦሉ የተቀናበረ እንቅስቃሴ ነው፤ ብቻህን ወይም ከጓደኛህ ጋር፣ በባዶ እጅ ወይም በሰይፍና በዱላ ትሠራለህ፣ ዳኛ ነጥብ ይሰጥሃል። ሳንዳ ግን የምር ፍልሚያ ነው። ጓንት ታደርጋለህ፣ ትመታለህ፣ ትረግጣለህ፣ አቅፈህም ትጥላለህ። መድረኩ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ገመድ የለውም፣ ስለዚህ ተገፍቶ መውደቅም አለ።

«ጉኦሹ» የሚል ካያችሁ «የሀገር ጥበብ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ቻይና ናንጂንግ ከተማ ላይ የማርሻል አርት ማዕከላዊ ተቋም የተከፈተው በዚህ ስም ነው።

አሁን ወደ ጅራቱ። የስልቱ ስም መጨረሻ ላይ «ቹዋን» ካለ ቡጢ ነው። ዙዊ ቹዋን የሰካራም ቡጢ (ያ ቪዲዮ ቤት ያየነው!)፣ ሆው ቹዋን የዝንጀሮ፣ ቻንግ ቹዋን ረጅም ቡጢ፣ ናን ቹዋን የደቡብ ቡጢ። «ጃንግ» ከሆነ መዳፍ ነው፣ እንደ ባጉዋ ጃንግ። ታይ ቺም ሙሉ ስሙ ታይጂ ቹዋን ስለሆነ ያው ቡጢ ነው፤ ፓርክ ውስጥ አዛውንቶች ቀስ ብለው ሲሠሩት አይታችሁ አትናቁት። ደግሞ እዚህ ያለው «ቺ» ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሰውነት ኃይል የሚባለው «ቺ» አይደለም። በቻይንኛ ሌላ ቃል ነው፣ የመጨረሻው ጫፍ እንደማለት። በዚህ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ።

ሻኦሊን ግን የቦታ ስም ነው፤ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ሶንግ ተራራ ላይ ያለ የቡድሃ ገዳም።

አሠልጣኙን እኛ «ማስተር» እንላለን፣ እነሱ ሺፉ። ሲፉ ያላችሁ ካለ በካንቶንኛ ነው፣ ያው ነው። ሺፉ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። አንዱ ውስጥ «አባት» የሚለው ፊደል አለ፣ ተማሪ መምህሩን የሚጠራው በዚህ ነው፤ አብረውት የሚማሩትም ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ ወንድም እየተባባሉ ይጠራራሉ። ሌላው የእጅ ባለሙያ መጠሪያ ነው። ቤጂንግ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ሹፌሩን «ሺፉ» ብትሉት ዞር ብሎ የት ልውሰዳችሁ ይላል እንጂ ቡጢ አይጨብጥም።