የጅረትን ፍሰት እንዴት እንለካለን? ለመስክ ኢንተርንሺፕ ለሚወጡ ተማሪዎች

ለክረምት ኢንተርንሺፕ ወንዝ ዳር ስትደርሱ በብዛት ከሚሰጧችሁ ሥራዎች አንዱ ፍሰት መለካት ነው። በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ ማወቅ ማለት ነው። ውድ መሣሪያ ባይኖርም ሜትር፣ የሞባይል ሰዓት፣ በየሴንቲሜትሩ ምልክት ያለበት ዘንግና አንድ ብርቱካን ይበቃሉ።

መጀመሪያ ቁሙና ውሃውን እዩት። ደፍርሷል? ቅጠልና ጭራሮ ይዞ እየመጣ ነው? እንግዲያው ከላይ ዘንቦ ይሆናል። እናንተ የቆማችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ውሃ ሊመጣ ስለሚችል አትግቡ። ውሃው የተረጋጋ ቢመስልም ከዳር ሆናችሁ ፍጥነቱን ገምቱ። ጥልቀቱን በሜትር፣ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ወስዳችሁ አባዙ። ውጤቱ ወደ 1 ከተጠጋ ውሃው ሰው ይጥላል። ለጀማሪ ግን ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ይቅርባችሁ ባይ ነኝ። ብቻችሁን ደግሞ በፍጹም አትግቡ። የትኛውም ቁጥር ከሕይወታችሁ አይበልጥም።

የውሃ ናሙና የምትወስዱ ከሆነ ከሁሉም በፊት እሱን ጨርሱ። እግር ሲገባ ደለል ይነሳል። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩና ከፊታችሁ ቅዱ።

ከዚያ ቦታ ምረጡ። ጅረቱ ቀጥ ብሎ የሚፈስበት፣ ትልልቅ ድንጋይና አዙሪት የሌለበት ይሁን። ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ዳሩን ይዛችሁ 10 ሜትር ለኩና ሁለቱንም ጫፍ ምልክት አድርጉበት።

አሁን ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር ወጥሩት። በየ50 ሴንቲሜትሩ ጥልቀቱን በዘንግ ለኩ። ስትሻገሩ በጎን፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ፣ በቀስታ ሂዱ። የጅረቱ ወርድ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.30 ሜትር ቢሆን ውሃው የሚያልፍበት ስፋት 1.2 ካሬ ሜትር ነው። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ መለኪያ ነጥቦቹን አብዙ። ስህተት በብዛት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ብርቱካኑ። አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ ብዙም አይገፋውም፤ ቀለሙም ከሩቅ ይታያል። ከመጀመሪያው ምልክት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ጣሉት፤ ምልክቱን ሲያልፍ ሰዓቱን አስነሱ፣ ሁለተኛውን ምልክት ሲያልፍ አቁሙት። አንዴ መሀል፣ አንዴ ዳር ዳር እያላችሁ ቢያንስ 5 ጊዜ ድገሙት። ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ከያዘው ያንን ሙከራ አትቁጠሩት።

በአማካይ 20 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ነው። ይህ ግን የላይኛው ውሃ ፍጥነት ነው። ከታች ያለውን ወለሉ ስለሚይዘው ዝግ ይላል። ስለዚህ በ0.85 ታባዙታላችሁ፤ 0.425 ይመጣል። ይህን በ1.2 ስታባዙ 0.51 ሜትር ኩብ በሰከንድ ታገኛላችሁ። በሰከንድ 510 ሊትር መሆኑ ነው።

ሁሉንም እዚያው፣ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ማን እንደለካ አትርሱ። ቁጥሩ የማይመስል ከሆነ ድጋሚ ለኩ እንጂ አታሳምሩት። የቀድሞውንም በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አታጥፉት። መረጃውን በኋላ የሚጠቀም ሰው ያለው ምስክር እናንተ ብቻ ናችሁ።

ወደ ሌላ ጅረት ከመሄዳችሁ በፊት የቡታችሁን ጭቃ እዚያው አራግፉ፣ እጠቡት፣ አድርቁት። በጭቃው ውስጥ የማይታዩ የዕፅዋት ዘሮችና ጥቃቅን ፍጥረታት ተሳፍረው ወደማያውቁት ውሃ ይሻገራሉ።