ሁለት ተመሳሳይ ሴንጢ ፊት ቆሞ ማመንታት፦ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ርዝመታቸው አንድ ነው፣ እጀታቸው ይመሳሰላል፣ ዋጋቸውም ያው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የብረቱን ስም ወደ ማነጻጸር ይሮጣል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው።

የብረት ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጠንካራው ብረት ስለቱ ቶሎ አይሄድም፣ እሱ እውነት ነው። ግን አንዴ ከዶለዶመ ለመሳል ልብ ያወልቃል፣ ሽቦ ወይም ምስማር ከነካ ደግሞ ይሸረፋል። ለስለስ ያለው ቶሎ ይዶለዱማል፤ በተራ መሳያ ድንጋይ አሸት አሸት ስታደርጉት ግን ይመለሳል። መሳል የሚሰለቻችሁ ከሆናችሁና የምትቆርጡት ወረቀትና ገመድ ብቻ ከሆነ ጠንካራውን ውሰዱ። ያገኛችሁትን ሁሉ የምትቆርጡ ከሆነ ለስላሳው ይሻላችኋል።

ዝገቱም ያታልላል። ዲ2 የሚባለው ብረት 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው አይዝጌ ይመስላል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ግን ከካርቦን ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ዝገቱን የሚከላከለው የተረፈው ብቻ ነው። ላብ በነካው ኪስ ውስጥ ከሰነበተ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።

ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባለውን የፈረንሳይ ሴንጢ ተመልከቱ። በካርቦን ብረትም በአይዝጌም ይሠራል፣ የሁለቱም ስለት 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በካርቦኑ ሎሚ ቆርጣችሁ ሳትጠርጉ ብታጥፉት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፤ አይዝጌው ግን ምንም አይልም። እጀታው ግን የሁለቱም እንጨት ነው፣ ውሃ ከጠጣ ያብጥና ስለቱን አላወጣም ይላል። አይዝጌ ነው ብሎ ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፈው ሰው ይህን ይረሳል።

ሌላው፣ ለኔ ከሁሉም የሚብሰው፣ ርዝመቱን ለክቶ ውፍረቱን መርሳት ነው። ሁለቱም 8 ሴንቲ ሜትር ስለት ይኖራቸዋል፤ የአንዱ ጀርባ 2 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወፍራሙ እጅ ላይ ሲያዝ ያኮራል። ወፍራም ካርቶን ስትቆርጡበት ግን መሃል ላይ ሲደርስ ስለቱ ቢቆርጥም ገላው አላልፍም ብሎ ይቀረቀራል፣ እናንተም ትገፋላችሁ፣ ገፍታችሁ ሲያመልጣችሁ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ቀጭኑ ሳትታገሉት ያልፋል። ስለዚህ ሴንጢውን ከፍታችሁ ከጫፉ በኩል ፊት ለፊት ተመልከቱት፦ ከጀርባው እስከ ስለቱ እየሳሳ ከመጣ ይቆርጣል፣ እንደወፈረ ወርዶ መጨረሻ ላይ ብቻ ከተሳለ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም።

መቆለፊያው ላይም ሰው በድምፅ ይሸወዳል። ሲከፈት «ቀጭ» ስላለ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ከፍታችሁ ቆልፉት፣ የስለቱን ጀርባ በጣቶቻችሁ ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን አነቃንቁት። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ የማጠፊያውን ብሎን ማጥበቅ ሊበቃው ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን ችግሩ መቆለፊያው ራሱ ነው፣ አስቀምጡትና ሌላ እዩ። በጎን በሚገባ ስስ የብረት ቅጠል የሚቆለፍ ከሆነ ቅጠሉ የስለቱን ተረከዝ፣ ማለትም በማጠፊያው በኩል ያለውን ጫፉን፣ የት ላይ እንደደገፈው ተመልከቱ። ጠርዙን ብቻ ነክቶ ከቆመ አትመኑት።

በዚያው አያያዙንም ሞክሩት። ብዙ ሰው ሴንጢ እየከፈተ እየዘጋ ይጫወትና ጨብጦ ሳይሞክረው ይገዛል። አጥብቃችሁ ጨብጡት፦ ኪስ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ መዳፋችሁን ከወጋ፣ ረዘም ያለ ነገር ስትቆርጡ እጃችሁ ይላጣል። ግራኝ ከሆናችሁ ክሊፑ ወደ ሌላው ጎን መዞሩን፣ በግራ አውራ ጣት መከፈቱንም እዩ። ኪስ ውስጥም ክተቱትና ቁጭ በሉ። የማትይዙት ከባዱን ሳይሆን የሚወጋውን ነው፤ የሚወጋ ነገር ቤት ተትቶ ይቀራላ!

የመጨረሻው፣ ሕጉን ከገዙ በኋላ መጠየቅ። በብሪታንያ ለምሳሌ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ታጣፊ ሴንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቀዳል። ያው ሴንጢ መቆለፊያ ካለው ግን በቂ ምክንያት ይጠየቃል። ሁለቱ መንትዮች የሚለያዩት በመቆለፊያ ብቻ ከሆነ እንግዲህ ምርጫውን ሕጉ ጨርሶላችኋል። የምትኖሩበትን አገር ደንብ ቀድማችሁ እዩ፤ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ደግሞ ኪሳችሁን ፈትሹና ሴንጢውን ወደሚጫነው ሻንጣ አዛውሩት።