ለትንሽ በርገር ቤት የገበታ ጨዋታ ሽልማት እንዴት ይዘጋጃል?

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ፣ የአክስቴ ልጅ የከፈተችው በርገር ቤት አለ፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የድንች መጥበሻና ቢወለውሉት ቢወለውሉት የማይጠራ ባንኮኒ ያለው ቤት ነው። ገበያ በቀዘቀዘበት ሰሞን «ሽልማት እናውጣ» የሚል ሐሳብ አመጣች፤ ሐሳቧም ደንበኛው ደረሰኙ ላይ ስሙን ጽፎ ካርቶን ውስጥ እንዲጥልና ከ40 ቀን በኋላ አንድ ቴሌቪዥን በዕጣ እንዲወጣ ነበር። እኔ ግን ተቃወምኩ፤ ስሙን ካርቶን ውስጥ የጣለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው እንጂ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ ነገ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። በዚህ ፋንታ እንደ ገበታ ጨዋታ እየተሞላ የሚሄድ ሽልማት አዘጋጀን። የሠራንበትን መንገድ፣ የተሳሳትንበትን ጭምር፣ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ሰውን የሚስበው ምን እንደሆነ ይለዩ

የዚህ ዓይነቱ ማስተዋወቂያ አርአያ ማክዶናልድስ በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀመረው የሞኖፖሊ ሽልማት ነው፤ ሞኖፖሊ ተጫዋቾች ቦታ እየገዙ ከሌሎቹ ኪራይ የሚሰበስቡበት የገበታ ጨዋታ ነው። ደንበኛው ከመጠጡ ወይም ከድንች ጥብሱ መያዣ ላይ ትንሽ ወረቀት ይልጣል፤ ወረቀቷ ላይ ወይ ወዲያው የሚሰጥ ሽልማት ወይም በሞኖፖሊ ገበታ ላይ ካሉት ቦታዎች የአንዱ ስም ተጽፏል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ቦታዎች ያሟላ ሰው ትልልቁን ሽልማት ይወስዳል። ሞኖፖሊ የተመረጠው ደንቡን ማስረዳት ስለማያስፈልግ ይመስለኛል፤ ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ከ1935 ጀምሮ ሲሸጠው ስለኖረ፣ እኛ ዘንድ ዳማን ለማንም ማስረዳት እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ እዚያም «ቀለሙን አሟላ» ማለት ብቻ ይበቃል። (የሞኖፖሊ መነሻ ኤሊዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘችበት የመሬት ባለቤቶች ጨዋታ ነው፤ ዓላማዋ መሬትን ጠቅልሎ መያዝ ተከራዩን እንዴት እንደሚያደኸይ ማሳየት ነበር። ኪራይ ሲጨመርበት ለኖረ የሰፈራችን ተከራይ ይህን በጨዋታ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።)

ሰውን የሚመልሰው ያልሞላው ገበታ ነው። ጆሴፍ ኑነስና ዣቪየር ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአንድ መኪና ማጠቢያ ለ300 ደንበኞች ካርድ አደሉ፤ ለግማሾቹ ስምንት ማኅተም የሚፈልግ ባዶ ካርድ፣ ለቀሩት ደግሞ አሥር ማኅተም የሚፈልግ ነገር ግን ሁለቱ አስቀድመው የተመቱበት ካርድ ሰጡ። ሁለቱም ወገን የቀረው ስምንት እጥበት ሆኖ ሳለ፣ ባዶ ካርድ ከያዙት የጨረሱት 19 በመቶ ሲሆኑ የተጀመረ ካርድ ከያዙት ግን 34 በመቶ ጨረሱ። ስለዚህ ገበታዎ ለደንበኛው ባዶውን አይሰጠው።

ገበታውን ይንደፉ

የሞኖፖሊ ስምና ሥዕል ባለቤት ስላለው አይውሰዱት፤ አያስፈልግዎትምም። እኛ የታክሲ መስመር ወሰድን። የትሪ ወረቀት በሚያህል ወረቀት ላይ አራት መስመሮች በአራት ቀለም አሰመርን፤ በየመስመሩ አራት ፌርማታ አለ፤ የመጀመሪያው ፌርማታ ታትሞ የተሞላ ሲሆን ሦስቱ በስቲከር የሚሞሉ ባዶ ክቦች ናቸው። አንደኛው መስመር ከስታዲየም ተነሥቶ ጎተራ፣ ሳሪስ፣ ቃሊቲ ይላል፤ ሁለተኛው ከመገናኛ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፤ ሦስተኛው ከሜክሲኮ ልደታ፣ ኮካ፣ ጦር ኃይሎች፤ አራተኛው ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ። የከተማ ዳር ሰው ቀኑን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በታክሲ ሰልፍ ስለሆነ ገበታውን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገንም። አንዲት እናት ገና ስታየው «ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመለሰውስ የታለ?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ስለነበር ለቤታችን ፌርማታ ከገበታው መሀል አንድ ትልቅ ክብ ጨመርንለት።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ይጨርሱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በቀን 60 ያህል በርገርና ሳንዱች የሚሸጥ ቤት፣ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ስቲከር ሲሰጥ፣ በ40 ቀን 2,400 ስቲከር ያስፈልገዋል። አንዱን በአማካይ በ300 ብር ብናስበው ጠቅላላ ሽያጩ 720,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ 3 በመቶውን ለሽልማት ብንመድብ 21,600 ብር እናገኛለን። ሽልማት የሚታሰበው በሚሸጥበት ሳይሆን ለቤቱ በሚያወጣው ዋጋ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው አጠቃላይ ጨዋታው የቆመበት ዘዴ ነው። በአንድ መስመር ያሉት ሦስት ስቲከሮች እኩል ቁጥር ኖሯቸው ቢታተሙ፣ ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 200 ቢሆኑ፣ እስከ 200 ሰው መስመሩን ሊያሟላ ይችላል፤ ቤቱም ይከስራል። ስለዚህ በየመስመሩ አንዱ ስቲከር ብርቅ መሆን አለበት፤ የአሸናፊው ቁጥር ከብርቁ ስቲከር ቁጥር ሊበልጥ አይችልም። በማክዶናልድስ ጨዋታ ፓርክ ፕሌስ የተባለው ቦታ በብዛት ይወጣ ነበር፤ ጥንዱ ቦርድዎክ ግን እጅግ ጥቂት ስለነበር ፓርክ ፕሌስን የያዘ ሰው ሁሉ ግማሽ መንገድ የሄደ ይመስለው እንጂ ከመነሻው ፈቀቅ አላለም ነበር።

እኛ የየመስመሩን የመጨረሻ ፌርማታ ብርቅ አደረግን። ቃሊቲ 20 ታተመ፤ ሽልማቱ ለቤቱ 180 ብር የሚያወጣ በርገር ስለሆነ 3,600 ብር ይይዛል። አያት 8 ታትሞ 400 ብር የሚያወጣ የቤተሰብ ፒዛ ያስገኛል፤ 3,200 ብር መሆኑ ነው። ጦር ኃይሎች 3 ሲሆን ሽልማቱ የ800 ብር የተማሪ ቦርሳ ነው፤ 2,400 ብር። እንጦጦ አንድ ብቻ ነው፤ 2,800 ብር የሚያወጣ የወጥ ቤት ዕቃ ያስገኛል። ከዚህ ሌላ ከአሥር አንዱ፣ ማለትም 240 ስቲከር፣ 40 ብር የሚገመት ለስላሳ ወዲያው ያስገኛል፤ 9,600 ብር ነው። ድምሩ 21,600 ይመጣል። የቀሩት 2,128 ስቲከሮች ለስምንቱ ተራ ፌርማታዎች ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ 266 ይደርሳል።

የአክስቴ ልጅ የትኛው ስቲከር ብርቅ እንደሆነ ባይነገር ትመርጥ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን በትልቁ ጽፈን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ አጥብቄ ተከራከርኩ፤ ምክንያቱም ሽልማቱን የሚያወጣውም የሚጫወተውም የአንድ ሰፈር ሰው ነው፣ የተታለለ ደንበኛ ነገ በዚያው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ያገኝዎታል። ቁጥሩ ከተለጠፈ በኋላ የሽያጩ ፍላጎት አልቀነሰም፤ እንዲያውም «ቃሊቲ አሁን ስንት ቀረ?» የሚለው የዕለቱ ጥያቄ ሆነና በየማታው የቀረውን በጠመኔ መጻፍ ጀመርን።

ፈቃዱን ይያዙ

በአገራችን ለሽያጭ ማስተዋወቂያ ተብሎ የሚወጣ የዕድል ሽልማት የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስቲከር ከማሳተምዎ በፊት ደንቡን፣ የሽልማቱን ዝርዝርና የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ የአሁኑን ልክ ከግብር ቢሮዎ ይጠይቁ። ሽልማቶቹን በብዛት አነስተኛ ያደረግነው በከፊል ለዚህ ነው።

ስቲከሩን ያሳትሙ፣ ያደባልቁም

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። የመጀመሪያው እትም ወረቀቱ ስስ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የተሰጠውን ስቲከር ሳይልጥ ወደ አምፖሉ አንሥቶ አየውና «ይሄ ሳሪስ ነው፤ ያኛውን ስጪኝ» አላት። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ የገመተ መስሏት ሳቀች፤ ልጡ ሲነሣ ሳሪስ ሆኖ ሲገኝ ግን ቀሪውን በሙሉ ሰብስበን ጀርባው በጥቁር ቀለም በተሸፈነ ወፍራም ወረቀት እንደገና ማሳተም ግድ ሆነብን። እርስዎ አንድ ናሙና ብቻ አሳትመው በአምፖልና በስልክ መብራት ሳይፈትሹ ሙሉውን አይዘዙ።

ሁለተኛው ስህተት ስቲከሮቹ ከማተሚያ ቤት የመጡት በየስማቸው ተደርድረው መሆኑን አለማስተዋላችን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ደንበኛ ሁሉ ጎተራ ደረሰው። ስለዚህ እሽጉን ፈትተው ያደባልቁት። እኛ 2,400ውን በአራት ከፍለን፣ በእያንዳንዱ 600 ውስጥ አምስት ቃሊቲና ሁለት አያት አስገብተን፣ በሰፌድ ላይ አድርገን ደጋግመን አንጓለልነው። ሦስቱ ጦር ኃይሎች ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባለው እሽግ አንድ አንድ ገቡ። ብቸኛው እንጦጦ የሚገባበትን እሽግ ሳንቲም ሁለት ጊዜ በመጣል ወሰንን።

ብርቁን ማን ይይዘዋል?

በማክዶናልድስ ጨዋታ ላይ የደረሰው ትልቁ ጥፋት ከዚህ ጥያቄ የመነጨ ነው። ጨዋታውን ያዘጋጅ የነበረው ሳይመን ማርኬቲንግ የተባለ ኩባንያ ነበር፤ የኩባንያው የጥበቃ ኃላፊ ጀሮም ጃኮብሰን ትልልቁን ሽልማት የሚያስገኙትን ወረቀቶች ከ1989 ጀምሮ እየሰረቀ ለዘመድና ለወዳጅ፣ በኋላም በደላላ ለማያውቃቸው ሰዎች ያከፋፍል ነበር። ኤፍቢአይ በነሐሴ 2001 እ.ኤ.አ. እስኪይዘው ድረስ የተወሰደው ሽልማት 24 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል፤ ከ50 በላይ ሰዎችም ጥፋተኛ ሆነዋል። የሚገርመው በ1995 የአንድ ሚሊዮን ዶላሩን ወረቀት ስሙን ሳይጽፍ ቅዱስ ይሁዳ ለተባለው የሕፃናት ሆስፒታል በፖስታ መላኩ ነው፤ ማክዶናልድስም ደንቡ ሽልማትን ለሌላ ማስተላለፍ የሚከለክል ቢሆንም ገንዘቡን ከፍሏል።

ወረቀቶቹን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው ራሱ ሌባ ነበር። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ከ25,000 በላይ ቤቶች ዕጣ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙ ገና አልተረሳም። ስለዚህ ሲደባለቅና ሲታሸግ ከቤቱ ባለቤት ሌላ ቢያንስ ሁለት የሰፈር ሰዎች ይኑሩ፤ እሽጉ መገጣጠሚያ ላይ ሦስቱም ይፈርሙ፤ አዲስ እሽግ በተከፈተ ቁጥርም ፊርማው መነካት አለመነካቱን አብረው ይዩ። ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው አይጫወቱ። የአክስቴ ልጅ ባል አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፏል።

ጠረጴዛውን ያዘጋጁ

ምግቡ እስኪደርስ ያለው ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ የጨዋታው እውነተኛ ቦታ ነው። በሦስት ጠረጴዛ ላይ የዳማ ገበታ በቀለም አሣልን፤ ጠጠሩ ቆርኪ ነው፣ አንዱ ተጫዋች ፊቱን ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች አድርጎ ይደረድራል። ለልጆች ሉዶ ከወረቀት መደብር ተገዛ። የስቲከር መለዋወጥን አይከልክሉ፤ የሞኖፖሊም ጣዕሙ ያለው በድርድሩ ነው፤ ብርቁ ስቲከር የተቆጠረ ስለሆነም ልውውጡ ቤቱን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። እንዲያውም ሦስት ሲኤምሲ የያዘ ልጅ ኮካ ካለው ጎረቤቱ ጋር ለመነጋገር ሲል ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ድንች ጥብስ ያዝዛል።

መዝጊያው

የመጨረሻው ቀን ከመድረሱ አሥር ቀን በፊት ቀኑን በበሩ ላይ ይለጥፉ፤ ሽልማት ለመውሰድ ተጨማሪ አሥር ቀን ይስጡ። ደንበኛ ሽልማት ሲወስድ ገበታው ላይ ፈርሞ ይተውልዎ፣ ስቲከሩም ሁለተኛ ጊዜ እንዳይመጣ ወዲያው ይቀደድ። ያልወጣ ብርቅ ስቲከር ከተረፈ፣ እኛ ጋ አንድ ጦር ኃይሎች ተርፎ ነበር፣ የዚያን መስመር ሌሎቹን ሁለት ፌርማታዎች የሞሉት ሁሉ ስማቸውን አስገብተው ዕጣው በአደባባይ ይውጣ። ቦርሳውን የወሰደችው ያንን የመመለሻ ታክሲ የጠየቀችው እናት ናት። የተረፉት ስቲከሮች በዚያው ቀን ተቆጥረው፣ ሦስቱ ፈራሚዎች ቁጥሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ በከሰል ምድጃው ተቃጠሉ።